የደጋ ተክል በጉም አገር፦ ኔፔንቴስን ከቤት ውጪ ስለ ማሳደግ

(በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ የጓሮ አትክልት ወዳጆች በተሰበሰቡበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ሳምንቱን ሙሉ ስትለፉ ቆይታችሁ፣ ከዕረፍት ቀናችሁ ላይ ሰዓት ቆርሳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሳን ሆዜና ከሳክራሜንቶ ድረስ መኪና ነድታችሁ ስለ አንድ ተክል ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ስብሰባችን ስለ ጌሾና ስለ ጤና አዳም ስንነጋገር ውለን ልንለያይ ስንል፣ ቤቴን የሚያውቁ አንዲት እናት «ልጄ፣ በረንዳሽ ላይ የተንጠለጠለው፣ እንስራ መሳይ ነገር የሚያወጣው ተክል ምንድን ነው? ለምንስ በዚህ ብርድ ውጪ ታሳድሪዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእኚህ እናት ጥያቄ የማቀርበው መልስ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ይህች ተክል ምን እንደሆነች በአጭሩ እገልጻለሁ። ሁለተኛ፣ ምን ዓይነት አየር እንደምትወድ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንድወስድ ፍቀዱልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተክሉን የሚገድለው ይህን ባለማወቁ ነው። ሦስተኛ፣ እዚህ በምንኖርበት በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ከቤት ውጪ እንዴት እንደምትያዝ ከራሴ ጥፋትና ከራሴ ደስታ እየጠቀስኩ አካፍላችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ይህችን በእጄ የያዝኳትን ተመልከቱ። ስሟ ኔፔንቴስ ነው፤ እኔ በቤቴ የእንስራ ተክል እላታለሁ። ብዙ ሰው እንስራው አበባዋ ይመስለዋል። አይደለም፤ እንስራው ቅጠል ነው። በቅጠሉ መሐል ለመሐል የሚያልፈው አጥንት ከቅጠሉ ጫፍ አልፎ እንደ ክር ይረዝማል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጫፉም ተመልሶ ወደ ላይ ይቆለመማል። ከዚያ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ቡናማ ጠጉር የለበሰች እብጠት ትታያለች። እብጠቷ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ናት፤ ከዚያ እየሞላች፣ እየሞላች ትሄዳለች። ክዳኗ ገና እንደ ታሸገ ውስጧ ፈሳሽ አለ፤ ከዝናብ ያልመጣ፣ ተክሏ ራሷ ያመነጨችው ፈሳሽ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ክዳኑ ይከፈታል፤ በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናትም የአፉ ዙሪያ ወደ ውጪ እየተጠቀለለ ይሰፋል፣ ቀይም ይሁን ቢጫ፣ ቀለሙን ይይዛል። ይህን ያየሁ ቀን ወደ ሥራ መሄድ ይከብደኛል።

ከንፈሩን በጣታችሁ ብትዳስሱት በጣም የቀጠኑ መስመሮች እጅብ ብለው ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ጉንዳን ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን ጣፋጭ ውሃ ፍለጋ በዚህ ከንፈር ላይ ትመላለሳለች። ከንፈሩ ደረቅ ሲሆን ምንም አትሆንም፤ ጠጥታ ትመለሳለች። ጤዛ ወይም ጉም ሲያረጥበው ግን በመስመሮቹ መካከል ውሃ በስሱ ይነጠፋል፣ እግሯ የምትቆነጥጠው ነገር ታጣለች፣ ትንሸራተታለች። ከታች በብዙዎቹ ዝርያዎች ሰም የተቀባ ግድግዳ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ፈሳሹ አለ። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? የበቀለችበት አፈር ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እምብዛም የሌለው ድሃ አፈር ስለሆነ ነው። ሥሯ ያጣውን ቅጠሏ ከአየር ላይ ያድናል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ካለችው ከቦርንዮ ደሴት ዝርያዎች አንዷ፣ ሎዊ የምትባለው፣ ከዚህም የተለየ መንገድ አላት፤ ክዳኗ ሥር የምታወጣውን ነጭ ምግብ ሊልስ የሚመጣ፣ ሽኮኮ የሚመስል ትንሽ እንስሳ እንስራው አፍ ላይ ተቀምጦ ይበላና ኩሱን እዚያው ጥሎላት ይሄዳል፤ እርሷም በዚያ ትኖራለች።

ዝርያዎቿ ከ160 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ በቦርንዮ፣ በሱማትራና በፊሊፒንስ ይገኛሉ። በዋናው የአፍሪካ ምድር አንድም የለም፤ ለእኛ የሚቀርቡት የማዳጋስካርና የሲሸልስ ዝርያዎች ናቸው። ስለ ማዳጋስካሯ ፍላኩር የተባለ ፈረንሳዊ ገዢ እ.ኤ.አ. በ1658 ጽፏል። ኔፔንቴስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1737 ያወጣላት ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ሲሆን፣ ቃሉ በግሪኮች ጥንታዊ ትረካ ውስጥ ሔለን በወይን ጠጅ ላይ የጨመረችው ሐዘን የሚያስረሳ መድኃኒት ስም ነው። ስደት ላይ ላለን ሰዎች ሐዘን የሚያስረሳ ተክል መያዝ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እመጣለሁ። እባካችሁ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ትሮፒካል የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን ትዝ ይላችኋል? ሙቀት? ላብ? የባሕር ዳርቻ? እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በካርታ ብታዩት ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ የሚገኝ ነው፤ ትሮፒካል ከተባለ ከእርሱ የበለጠ ትሮፒካል የለም። ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጋቢ ሳይደርብ ከቤት የሚወጣ የደብረ ብርሃን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አጎቴ ሸዋ ሮቢት ይኖር ነበርና ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአውቶቡስ እንሄድ ነበር። ከቤት ስንወጣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ነው። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ዋሻውን እናልፋለን፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ አንዱን ሹራብ አወልቃለሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሁለተኛውንም አውልቄ፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ላቤን ትጠርግልኝ ነበር። ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው፤ የቀኑ ርዝመት ያው ነው። ለውጡ ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ መውረዳችን ብቻ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።

እኛ ለዚህ ቃል አለን። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እንላለን። ሌላው ሰው በስንት መጽሐፍ የሚማረውን እኛ ከእናታችን ቤት ይዘነው መጥተናል። የእንስራ ተክሎችም እንዲሁ ናቸው፤ የደጋ አሉ፣ የቆላ አሉ። ቦርንዮ ደሴት ላይ ኪናባሉ የሚባል 4,095 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ከሁሉም የገነነችው ራጃ የምትበቅለው በዚህ ተራራና በአጎራባቹ፣ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው፤ እንስራዋ ከሦስት ሊትር በላይ ፈሳሽ የሚይዝ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ተራራ ላይ ቪሎሳ የምትባለው ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። እዚያ ከፍታ ላይ ቀኑ ለዘብ ያለ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይወርዳል። በአንጻሩ አምፑላሪያና ባይካልካራታ የባሕር ጠረፍ አካባቢ ረግረግ ልጆች ናቸው፤ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ደስ አይላቸውም። ራጃን ከአምፑላሪያ ጋር በአንድ ክፍል ማሳደግ ገብስና ሙዝን በአንድ ማሳ እንደ መዝራት ነው።

የደጋዋ ተክል ቀዝቃዛ ሌሊት ትችላለች ብቻ አላልኩም። ትፈልጋለች ነው የምለው። ቀን በብርሃን የሠራችውን ምግብ ሌሊት በአተነፋፈስ ታወጣዋለች፤ ሌሊቱ ሲሞቅ ወጪዋ ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይቆጠብላታል። ሌሊቱ ሁልጊዜ የሚሞቅባት የደጋ ተክል ቅጠል ታወጣለች፣ ክሩንም ታወጣለች፣ እንስራውን ግን ትተወዋለች።

ይህን ያስተማረችኝ የመጀመሪያዋ ተክሌ ናት። እዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ የአትክልት መደብር ሳንጉኒያ የምትባለውን ገዛሁ፤ የማሌዢያ ደጋ ተክል ናት። የሸጠልኝ ሰው «ትሮፒካል ናት፤ ብርድ እንዳታሳዪያት፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጫት» አለኝ። እኔም ታዘዝኩ። ከአንድ ዓመት በላይ ወጥ ቤቴ ውስጥ ከምድጃውና ከማሞቂያው መካከል ኖረች። የነበሯት አምስት እንስራዎች አንድ በአንድ ደረቁ፤ አዲስ የሚወጣው ክር ጫፉ ላይ ጠቁሮ ይቀራል። ከዚያ ግንቦት መጨረሻ ላይ ወጥ ቤቱ ሊቀባ ሆነና፣ ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ በኋላ በር ደረጃ ላይ አወጣኋት። ሳምንታት ሙሉ ጉም ነበር፤ ማለዳ ቅጠሎቿ ላይ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፣ እኔም ሞተች እያልኩ ላያት አልደፍርም። በአራተኛው ሳምንት ላስገባት ስወጣ ሦስቱ ክሮች ጫፋቸው አብጦ አገኘሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አስቡት፤ ደብረ ብርሃን ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የደጋ ልጅ ሆኜ የደጋ ተክል በሙቀት ላይ ሙቀት ስጨምርባት ነው የከረምኩት!

ይህ ጥፋት ከእኔ የጀመረ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች እነዚህን ተክሎች ከእስያ ባስመጡ ጊዜ፣ ትሮፒካል ናቸውና ብለው በከሰል እሳት በሚሞቅ የመስታወት ቤት ይቆልፉባቸው ነበር። የቆላዎቹ ፋፉ፤ የደጋዎቹ ግን ብዙዎቹ አለቁ። ለንደን ውስጥ ቼልሲ የነበረው የቪች የችግኝ ጣቢያ ሰብሳቢዎችን ወደ ቦርንዮ ልኮ እ.ኤ.አ. በ1878 በርቢጅ የተባለው የራጃን ዘር ይዞ ተመልሷል፤ ይሁን እንጂ ተክሏ በዚያ ዘመን በሰዎች እጅ ብዙም ሳትቆይ ጠፍታለች። ስለ እነዚህ ተክሎች ሲወራ ሊዘነጋ የማይገባው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ሁከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 ቤልፋስት ላይ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ቆሞ ተናግሯል፤ በእንስራው ውስጥ የእንቁላል ነጭና ጥሬ ሥጋ ጨምሮ እንዴት እንደሚፈጭ አሳይቷል። ተክል ሥጋ ይበላል ብሎ በጉባኤ ፊት መናገር በዚያ ዘመን ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ሦስተኛው ነጥቤ ይኸው ነው፤ እዚህስ እንዴት ትያዛለች?

ወገኖቼ፣ የምንኖርበትን አገር አየር እናውቀዋለን ወይ? በሳን ፍራንሲስኮ በጁላይ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 20 ዲግሪ አይሞላም፤ ሌሊቱ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በጃንዋሪ ቀኑ 14፣ ሌሊቱ 8 ገደማ ይሆናል። በበጋ የውስጡ ሸለቆ ሲግል አየሩ ከባሕሩ በኩል ይሳባል፤ የባሕሩ የላይኛው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ጉም ሆኖ በወርቃማው በር (ጎልደን ጌት) ድልድይ ሥር ይገባል። ይህ ጣርማ በር ነው! ይህ የኪናባሉ ከሰዓት በኋላ ነው! የሳን ፍራንሲስኮ የዕፅዋት አጸድ የመካከለኛው አሜሪካን የጉም ደን ተክሎች ያለ መስታወት ቤት፣ ሜዳ ላይ የሚያሳድገው በዚሁ ጉም ምክንያት ነው። አጸዱ ባለበት በጎልደን ጌት መናፈሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1879 የተከፈተው ነጩ የመስታወት ቤትም ለደጋ ትሮፒካል ተክሎች የተለየ ክፍል አለው፤ ያላያችሁት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዚያ የቆላውንም ክፍል እዩ፣ በሩን ስትከፍቱ ልዩነቱ ፊታችሁን ይመታችኋል።

ለጀማሪ የምመክረው አራት ናቸው። ከፊሊፒንስ ተራሮች የመጣችው ቬንትሪኮሳና ከእርሷ የተዳቀለችው ቬንትራታ፣ የማሌዢያዋ ሳንጉኒያ፣ የሕንዷ የካሲ ኮረብቶች ልጅ ካሲያና። እነዚህ ታጋሾች ናቸው፤ ሌሊቱ 5 ዲግሪ ቢደርስም ይችሉታል። ራጃን ዛሬውኑ አትመኙ። ስትገዙም ከዘር ወይም በላቦራቶሪ ከተባዛ ተክል የወጣች መሆኗን ጠይቁ። ከጫካ ተነቅላ የመጣችን ተክል መግዛት ተራራውን ማራቆት ነው፤ ሁሉም የኔፔንቴስ ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተያዙ ናቸው፤ ራጃና ካሲያና ደግሞ በጥብቁ መዝገብ ውስጥ አሉ።

አፈርን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ከመደብር የምትገዙትን ማዳበሪያ ያለበት የአበባ አፈር አትጠቀሙ፣ ሥሯን ያቃጥለዋል። እኔ ስፋግነም የሚባለውን የረግረግ ሞስ፣ ፐርላይት የሚባለውን ነጭና ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ፣ ለኦርኪድ የሚሸጠውንም የዛፍ ቅርፊት እቀላቅላለሁ። ውሃ ገብቶ ወዲያው መውጣት አለበት፤ ሞሱ እርጥብ ይሁን፣ ሥሩ ግን ውሃ ውስጥ አይቀመጥ። ውሃው ጨው የሌለበት ይሁን። የሳን ፍራንሲስኮ የቧንቧ ውሃ አብዛኛው ከሄች ሄቺ የውሃ ግድብ፣ ከተራራ በረዶ የሚመጣ ስለሆነ ማዕድኑ አነስተኛ ነው። የአንዳንዶቻችሁ ከተማ ውሃ ግን ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያጋግር ነው፤ ማንቆርቆሪያውን እዩና ፍረዱ፣ ያ ነጭ ነገር በተክሏም ሥር ይከማቻል። እንዲህ ከሆነ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅሙ።

ከቤት አውጥታችሁ ስታስቀምጧት ቀስ በቀስ ይሁን። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ጥላ፣ ከዚያ የማለዳ ፀሐይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት። በምሥራቅ በኩል ያለ በረንዳ ከሁሉም ይሻላል። አዲስ ቦታ ስትሄድ አሮጌዎቹ እንስራዎች ሊደርቁ ይችላሉ፤ አትደንግጡ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ቅጠል ተመልከቱ። ፍርዱ ያለው አዲሱ ቅጠል ላይ ነው። ምግብ አትስጧት፤ ውጪ ያለች ተክል ጉንዳኗንም ተርቧንም ራሷ ትይዛለች። ክሽክሽ ለጋውን ጫፍ ሲይዝ በእጃችሁ እያበሳችሁ አጥፉ። ራኩን ሞሱን የሚቆፍር ከሆነ መትከያውን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርድ ነው። እኔ ግን ብዙ ተክል ያጣሁት በሙቀት ነው። የዚህ አካባቢ ክፉ ጊዜ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፤ ጉሙ ይሄዳል፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ከደረቁ ምድር ወደ ባሕር ይነፍሳል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ሳን ፍራንሲስኮ 41 ዲግሪ ገባች፤ በከተማዋ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ሙቀት ነበር። እኔ ያን ቀን ጠዋት ውሃ አጠጥቼ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቅጠሎቹ አረንጓዴ ነበሩ፤ የእንስራዎቹ ከንፈር ግን ሁሉም እንደ ቆሎ ተንኮሻኩሾ ነበር፤ ስነካው በጣቴ መካከል ተፈረፈረ። ሁለት ዓመት ያሳደግኋት፣ መንጠቆ የመሰለ ጥርስ ያላት የሱላዌሲ ደሴቷ (ኢንዶኔዥያ) ሃማታ በሳምንቱ ሞተች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የአየር ትንበያው 32 ዲግሪ ሲል፣ በዋዜማው ተክሎቹን ከቤቱ ሰሜን በኩል መሬት ላይ አወርዳቸዋለሁ፣ እርስ በርስ አስጠጋቸዋለሁ፣ ዙሪያቸውን ሲሚንቶውን በውሃ አርሳለሁ፣ የጥላ መረብ እዘረጋለሁ። በዚያ ቀን የሚገድለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ድርቀቱ ነው።

ብርዱን በተመለከተ ግን አስተማሪዬ እናቴ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ የጎመን ችግኟ በውርጭ እንዳይመታ ማታ ማታ ደጅ ወጥታ ሰማዩን ታይ ነበር። ደመና ካለ ተመልሳ ትተኛለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ኮከቡ ከበዛ፣ ገለባና አሮጌ ጆንያ ታነሳለች። «ሰማይ ያላየውን ውርጭ አይነካውም» ትለኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ትክክል እንደሆነች ተረዳሁ፤ በጠራ ሌሊት ቅጠሉ ሙቀቱን ወደ ባዶው ሰማይ ይለቃል፣ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ከላይ የሚጋርደው ስስ ጨርቅ ቢኖር ያ ሙቀት ይመለስለታል። ዛሬ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ማታ እኔም በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ኮከብ ከበዛ ተክሎቹን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስጠጋቸዋለሁ፣ አሮጌ አንሶላ አለብሳቸዋለሁ፤ ትንበያው ከ2 ዲግሪ በታች ካለ ደግሞ ቀዝቃዛው ጋራዥ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። ሳሎን ውስጥ አላስገባቸውም። በዚያ ወቅት እንስራ አይጨምሩም፣ አንዳንዱም ይደርቃል፤ እያረፉ ነውና ተዋቸው።

ከሳክራሜንቶ ለመጣችሁ እውነቱን ልናገር፤ እዚያ የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ውርጭ ሁለቱም ከልክ ያልፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ውጪ አድርጉት ብዬ አልመክራችሁም። በጸደይና በመከር አውጧት፣ በቀረው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ አኑሯት። የሳን ሆዜና የፍሬሞንት ሰዎች ግን በዛፍ ጥላ ሥር ብትሞክሩ ይሆንላችኋል ብዬ አምናለሁ፤ በበጋ ማለዳና ማታ ውሃ መርጨት ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል፤ ጉሙ እናንተ ጋ ሁልጊዜ አይደርስም።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከቬንትሪኮሳዬ ቆርጬ ያበቀልኳቸው አሥራ ሁለት ችግኞች አሉ፤ የመጀመሪያውን ችግኝ፣ ያን ጥያቄ የጠየቁኝ እናት እንዲመርጡ እለምናለሁ። መኪና ውስጥ ስታስገቧቸው ቀጥ አድርጋችሁ በእግራችሁ መካከል ያዟቸው፤ እንስራው ከተጋደመ ፈሳሹ ይደፋል። ከተደፋባችሁም ቤት እንደ ደረሳችሁ እንስራው ሲሶ ያህል እስኪሞላ ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት፣ ከዚያም ውጪ፣ ጉሙ በሚያገኛት ቦታ አሳድሯት።